የመጀመሪያ ካሜራ ሲገዙ፦ ከቦዲው በፊት ሌንሱን፣ ባትሪውንና ጠጋኙን ይፈልጉ

«የቱ ካሜራ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ፎቶ መማር ከሚፈልግ ሰው አፍ አይጠፋም። አዲስ አበባ ላይ ገዝቶ እዚሁ ለሚሠራበት ሰው ግን የሚቀድሙ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ባትሪው ቢሞት ሌላ ከየት አገኛለሁ? ሌንስ ብፈልግ ከማን እዋሳለሁ ወይም እከራያለሁ? ቢበላሽ ማን ይፈታዋል? በውጭ አገር ግምገማ አንደኛ የወጣ ካሜራ እዚህ ባትሪው ካልተገኘ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራ፣ ዕቃው በየሱቁ የሚገኝ ካሜራ ግን ያስተምራል፤ ሲቆይም እንጀራ ያበላል። ስለዚህ ከሞዴል ስም አንጀምርም።

የብር ዋጋም አንጠቅስም። የካሜራ ዋጋ ከምንዛሬው ጋር ስለሚወጣ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር በሚቀጥለው ወር ገዢን ያሳስታል። በምትኩ ገንዘቡን እንዴት እንደሚከፋፍሉት እንናገራለን።

አንደኛ፦ ምን ሊያነሱ እንደሆነ በአንድ መስመር ይጻፉ

«ልጆቼንና ቤተሰቤን»፣ «ሠርግና ክርስትና እየሠራሁ ልተዳደርበት»፣ «ለዩቲዩብና ለቲክቶክ ቪዲዮ»፣ «ለሱቄ የልብስና የጫማ ፎቶ»፤ ከእነዚህ አንዱን ይምረጡ። ሁሉንም የጻፈ ሰው ምንም አልጻፈም።

ይህች መስመር ብዙ ካሜራዎችን ወዲያው ታስወጣለች። ቪዲዮ ከሆነ ማይክ መሰኪያ የሌለው ካሜራ ከዝርዝሩ ይውጣ፤ የካሜራው የራሱ ማይክ የሌንሱን ሞተር ድምፅና የመንገዱን ጫጫታ አንድ ላይ ይቀዳል። ካኖን 2000ዲና 4000ዲ፣ ኒኮን ዲ3400ና ዲ3500፣ ሶኒ አልፋ 6000 የማይክ መሰኪያ የላቸውም። ካኖን 700ዲ፣ 200ዲ፣ 70ዲና 80ዲ አላቸው። ከእነዚህም ውስጥ 70ዲ፣ 80ዲና 200ዲ ቪዲዮ ሲቀዱ የሰውን ፊት በለስላሳ ፎከስ ይከተላሉ፤ 700ዲ ግን እየፈለገ ወዲያና ወዲህ ይላል።

ለሠርግና ለክርስትና ከሆነ ደግሞ ከካሜራው ይልቅ ፍላሹን ያስቡ። ካሜራው አናት ላይ ያለውን ሆት ሹ የሚባለውን የፍላሽ መሰኪያ ይመልከቱ፤ መሀሉ ላይ አንድ ትልቅ ክብ የብረት ነጥብ ሊኖረው ይገባል። በካኖን 2000ዲ፣ 4000ዲና 250ዲ ላይ ይህ ነጥብ የለም። ነጥቡ ከሌለ ያችን ነጥብ ብቻ የሚጠቀሙ ርካሽ ፍላሾችና ትሪገሮች (ፍላሽን ከርቀት የሚያስነሱ መሣሪያዎች) ካሜራው ላይ ተቀምጠው አይበሩም። ብዙ ጀማሪ ይህን የሚያውቀው የመጀመሪያውን ፍላሽ ከገዛ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፦ ገንዘቡን ይከፋፍሉ

ያለዎትን ብር 100 ቢሉት ለቦዲው (ሌንሱ የሌለበት ካሜራ) እና አብሮት ለሚመጣው ኪት ሌንስ ከ65 አይለፉ። 20 ለሁለተኛ ሌንስ ይያዙ። ቀሪው 15 ለሁለተኛ ባትሪ፣ ለሁለት ሚሞሪ ካርድ፣ ለአየር መንፊያ ጎማ፣ ለቦርሳና ለሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ጽዳት ነው። ገንዘቡን በሙሉ ቦዲ ላይ አፍስሶ በአንድ ባትሪና በአንድ ተውሶ ባመጣው ካርድ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ፕሮግራም መሀል ላይ ይቆማል።

ሦስተኛ፦ ግማሽ ቀን በእግር ይዙሩ

ገንዘብ ሳይዙ ይውጡ። ከፒያሳ ጀምረው በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወርደው ወደ ብሔራዊ ቴአትርና ስታዲየም ይድረሱ፤ ከቻሉ በሌላ ቀን መርካቶንና ቦሌን ይጨምሩ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ የፒያሳ ሱቆች ቦታቸውን ስለለቀቁ፣ ዘመድ የነገረዎትን የድሮ አድራሻ አምነው ሳይሆን ደውለው ይሂዱ።

የካሜራ ዕቃ በሚሸጡ ቢያንስ ሦስት ሱቆች፣ በሁለት ፎቶ ቤቶችና በአንድ ጠጋኝ ዘንድ ይግቡ። ሻጩን «የቱ ካሜራ ጥሩ ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ መደርደሪያው ላይ ያለው ነው። ይልቅስ እንዲህ ይበሉ፦ «ለዚህ ሞዴል የሚሆን ባትሪ አሁን አለዎት? ያሳዩኝ።» ፎቶ ቤቱን «በምን ትሠራላችሁ? ሌንስ ታከራያላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ጠጋኙን ደግሞ «አሮጌ ቦዲ ለመለዋወጫ የምታስቀምጠው የየትኛው ነው?» ይበሉት። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ በከተማችን ጥገና በአብዛኛው ከአንዱ ካሜራ አውጥቶ ለሌላው መስጠት ነውና።

መልሶቹን በወረቀት ይቁጠሩ። ብዙ ጊዜ የተጠራው ብራንድ የእርስዎ ብራንድ ነው። ጎረቤትዎ ወይም የአክስትዎ ልጅ ሌንስ ካለው ያም አንድ ትልቅ ድምፅ ነው፤ ሊያውስዎት የሚችል ሰው ካለ የእሱን ወገን ይግዙ።

አራተኛ፦ ስለ ሜጋፒክስልና ስለ ሴንሰር የሚያስፈልገው ያህል

ሜጋፒክስል አይግዙ። የ18 ሜጋፒክስል ፎቶ 5184 በ3456 ነጥብ ነው፤ በጥሩ ኅትመት 44 በ29 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። የ24 ሜጋፒክስሉ 51 በ34 ይደርሳል። ልዩነቱ ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉት እንኳ በዓይን አይለይም።

ሴንሰሩ ግን ይለያል። ፉል ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ለጀማሪ የሚሆኑት አብዛኞቹ ኤፒኤስ-ሲ ናቸው፤ በኒኮንና በሶኒ 23.5 በ15.6 ገደማ፣ በካኖን 22.3 በ14.9 ገደማ። ከዚህ ያነሰ ሴንሰር ያላት፣ ሌንሷ የማይወልቅ «60 እጥፍ ዙም» የተጻፈባት ካሜራ ቅርጿ ትልቅ ቢሆንም ሴንሰሯ ከስልክ ሴንሰር ብዙም አይለይም፤ ማታ ቤት ውስጥ ሲያነሱባት ፎቶው አሸዋ አሸዋ ይላል። ፉል ፍሬም ለመጀመሪያ አያስፈልግም፤ ቦዲው በርካሽ ቢገኝ እንኳ ሌንሱ ያስከፍላል።

አምስተኛ፦ ስሞቹንና ወጥመዶቹን ይወቁ

አንድ የካኖን የጀማሪ ካሜራ ብዙ ጊዜ ሦስት ስም አለው። 700ዲ ተብሎ የሚሸጠው አሜሪካ ሲሄድ ሬብል ቲ5አይ፣ ጃፓን ሲሄድ ኪስ ኤክስ7አይ ይባላል። 600ዲ ሬብል ቲ3አይና ኪስ ኤክስ5 ነው፤ 200ዲ ደግሞ ሬብል ኤስኤል2ና ኪስ ኤክስ9 ነው። ከዘመድ ሻንጣ የመጣ ካሜራ ሲቀርብልዎት ስሙ አዲስ ስለሆነብዎ ብቻ የተሻለ ሞዴል አይምሰልዎት። ጃፓን ውስጥ እንዲሸጡ የተሠሩ ብዙ የሶኒ ካሜራዎች ደግሞ ሜኑአቸው በጃፓንኛ ብቻ ነው፤ ቋንቋውን መቀየር አይቻልም። ስለዚህ ሶኒ ሲያዩ መጀመሪያ ሜኑውን ከፍተው የቋንቋ ዝርዝር ይፈልጉ።

ባትሪ የካሜራውን ዘመዶች ያሳውቃል። ኤልፒ-ኢ8 በ550ዲ፣ 600ዲ፣ 650ዲና 700ዲ ይሠራል። ኤልፒ-ኢ10 ከ1100ዲ እስከ 1300ዲ፣ በ2000ዲና በ4000ዲ። ኤልፒ-ኢ17 በ750ዲ፣ 800ዲ፣ 200ዲና 250ዲ። ኤልፒ-ኢ6 በ60ዲ፣ 70ዲ፣ 80ዲና በአብዛኞቹ ትልልቅ የካኖን ቦዲዎች ስለሚገባ ሠርግ ላይ ሲያልቅብዎት ከጎንዎ ካለው ባለሙያ የመዋስ ዕድልዎ ሰፊ ነው። በኒኮን ኢኤን-ኢኤል14 ከዲ3100 እስከ ዲ3500 እና ከዲ5100 እስከ ዲ5600 ያገለግላል።

ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው) ይሻላል ወይስ ሚረርለስ (መስታወት የሌለው)? ሚረርለሱ ትንሽ ነው፤ ፎከሱም ይፈጥናል፤ አምራቾቹም አዲስ ነገር የሚያወጡት ለእሱ ነው። ግን ስክሪኑ ሁልጊዜ ስለሚበራ ባትሪ ይበላል። በመደበኛው መለኪያ ኒኮን ዲ3500 በአንድ ቻርጅ 1550 ፎቶ ያነሳል፤ ሶኒ አልፋ 6000 360 ገደማ። መብራት ጠፍቶ በሚያድርበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። በእኛ ግምት ገንዘቡ ጠባብ ለሆነና ፎቶ ለሚበልጥበት ጀማሪ ያገለገለ ዲኤስኤልአር፣ ገንዘቡ ለደረሰና ቪዲዮ ለሚበልጥበት ሰው ሚረርለስ ከሦስት ባትሪ ጋር ይሻላል።

ካኖን ኤም50ን በርካሽ ካገኙ አንድ ነገር ይወቁ። ካሜራው ጥሩ ነው፤ የኢኤፍ-ኤም ሌንሶቹ ግን ወደ አዲሶቹ የአርኤፍ ካሜራዎች አይሸጋገሩም፤ መስመሩ ተዘግቷል። የድሮዎቹ ኢኤፍ ሌንሶች በአንጻሩ በአዳፕተር አርኤፍ ላይ በሙሉ አቅማቸው ይሠራሉ። ዛሬ የተገዛ ጥሩ የኢኤፍ ሌንስ ካሜራውን ሲቀይሩም አብሮዎት ይሄዳል ማለት ነው።

ስድስተኛ፦ ሌንሱ ላይ ይቆዩ

ኪት ሌንሱ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 3.5–5.6 የተጻፈበት ነው። ኤፍ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ (አፐርቸር) መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። በቀን ብርሃን ከበቂ በላይ ነው፤ እንዲያውም ኤፍ 8 ላይ ሲደረግ ከውድ ሌንስ ለመለየት ያስቸግራል። ማታ ሳሎን ውስጥ፣ በአንድ አምፖል ብርሃን የቡና ሥነ ሥርዓት ሲያነሱበት ግን ይወድቃል። 55 ላይ ዙም ሲደረግ ክፍቱ ኤፍ 5.6 ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው «ሃምሳው» የሚመጣው። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ከኤፍ 5.6 ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ኪት ሌንሱ በ1/10 ሰከንድ ያነሳውንና እጅ በመንቀጥቀጡ የደበዘዘውን ፎቶ፣ ሃምሳው በ1/100 ጥርት አድርጎ ያነሳዋል። በኤፒኤስ-ሲ ላይ 50 ሚሊ ሜትር በካኖን እንደ 80፣ በኒኮንና በሶኒ እንደ 75 ሚሊ ሜትር ሌንስ እይታው ስለሚጠብ ለፊት ፎቶ ይመቻል፤ ለጠባብ ሳሎን ግን ይጠባል፤ ግድግዳው ወደ ኋላ አያስኬድዎትም። የቡድን ፎቶ ለሚያነሳ ኪት ሌንሱ አብሮ ይቀመጥ።

ኒኮን የሚገዙ ከሆነ በተለይ ይጠንቀቁ። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ቦዲያቸው ውስጥ የፎከስ ሞተር የላቸውም። ርካሹ «50 ሚ.ሜ. 1.8ዲ» ይገጥማል፣ ፎቶም ያነሳል፤ ፎከሱን ግን በእጅ ማዞር ነው። ለእነሱ የሚሆነው ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ ያለው ኤኤፍ-ኤስ፣ መጨረሻው ላይ «ጂ» የተጻፈበት ነው። አዲሱ ኤኤፍ-ፒ ኪት ሌንስ ደግሞ በዲ3100፣ ዲ3200ና ዲ5100 ላይ ፎከስ አያደርግም። ሻጭ ሁለቱን አጣምሮ ሊሸጥልዎት ይችላል፤ ሁልጊዜ ለማታለል አይደለም፣ ራሱም ላያውቅ ይችላል።

ሃምሳውን የገዛ ጀማሪ ኤፍ 1.8 ላይ ትቶት ስድስት ሰዓት ቀን ላይ መስቀል አደባባይ ይወጣና ፎቶው ነጭ ይሆንበታል። ሌንሱ ተበላሽቶ አይደለም። በእኩለ ቀን ፀሐይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ ትክክለኛው ብርሃን ኤፍ 16 በ1/100 ገደማ ነው። ኤፍ 1.8 ላይ ይህ 1/8000 ይጠይቃል፤ የጀማሪ ካሜራ ደግሞ 1/4000 ላይ ይቆማል። ወደ ኤፍ 2.8 ሲዘጉት 1/3200 ስለሚበቃው ፎቶው ይመለሳል።

ሰባተኛ፦ ያገለገለውን ከመግዛትዎ በፊት ይፈትሹ

ይህን ለመሥራት 30 ደቂቃ ያስፈልጋል። ሻጩ 30 ደቂቃ ካልሰጠዎት ካሜራውን አይግዙ። ቀጠሮውን በቀን ብርሃን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ያድርጉ። ይዘው የሚሄዱት፦ ባዶ ሚሞሪ ካርድ፣ የስልክ ባትሪ መብራት፣ አንድ ጋዜጣ፣ አየር መንፊያ ጎማ፣ ከቻሉ ላፕቶፕና የዩኤስቢ ገመድ።

በዓይን ይጀምሩ። ከሥር ያሉትን ብሎኖች ይመልከቱ፤ የአንዱ ራስ ከተላጠ ካሜራው ተከፍቷል ማለት ነው፤ ለምን እንደተከፈተ ይጠይቁ። የሆት ሹው ሐዲድ ቀለሙ ሙልጭ ካለ ሥራ ላይ የዋለ የፕሮግራም ካሜራ ነው፤ «ቤት ውስጥ ብቻ ነው የተጠቀምኩበት» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ሐዲዱ ሌላ ይናገራል። የባትሪ ቤቱን ከፍተው አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ይፈልጉ፤ ካለ ውኃ ገብቶበታል፣ ይተዉት። ባትሪው ሲወጣ ከታገለ አብጧል፣ ይቀየራል።

ከዚያ ሌንሱን ያውልቁ። የስልኩን መብራት ከኋላ በኩል እያበሩ ከፊት ይመልከቱ። ጥቂት አቧራ ፎቶ ላይ አይታይም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነጭ ክር ካዩ ሻጋታ ነው፤ ክረምቱን ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ላይ ይበቅላል፤ መስታወቱንም ይበላል። በርካሽ ቢሰጥዎትም አይውሰዱት።

አሁን ካርድዎን ከተው ያንሱ።

ሴንሰር፦ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 22፣ ፎከሱን በእጅ አደብዝዘው ሰማይን ወይም ነጭ ግድግዳን ያንሱ። ፎቶውን አጉልተው ከጥግ እስከ ጥግ ይዩት። ክብ፣ ጥቁርና ደብዛዛ ነጥብ አቧራ ነው። ሌንሱን አውልቀው፣ ከሜኑው በእጅ የሚደረገውን የሴንሰር ጽዳት መርጠው ሻተሩ (የሴንሰሩ መጋረጃ) ሲከፈት፣ አፉን ወደ ታች ይዘው በጎማው ይንፉና ደግመው ያንሱ። ቦታው ከተቀየረ ወይም ከጠፋ ጽዳት ይበቃዋል። ቀጭንና ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ እዚያው ከቀረ ጭረት ነው፤ ያ አይጸዳም። በአፍ ፈጽሞ አይንፉ፤ ምራቅ ከአቧራ ይብሳል።

የሞቱ ነጥቦች፦ የሌንሱን ክዳን ዘግተው አይኤስኦ 100 ላይ በ1/60 ያንሱ። ጨለማው ላይ ቀይ ወይም ሰማያዊ ነጥብ መታየት የለበትም። በብዙ ሰከንድ ሲያነሱ ጥቂት ነጥብ ቢወጣ የተለመደ ነው።

ሻተር፦ በ1/4000፣ በ1/500ና በ1 ሰከንድ ያንሱ፤ ቀጥሎ አሥር ፎቶ በተከታታይ ይልቀቁ። ከላይ ወይም ከታች ጥቁር ጥላ የያዘ ፎቶ ካለ የሻተሩ መጋረጃ ደክሟል። ቁጥሩንም ይጠይቁ፤ ሻተር ካውንት (ሻተሩ የተከፈተበት ብዛት) እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ነው። ኒኮን ቁጥሩን በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ስለሚጽፈው አንድ ፎቶ አንስተው በኢንተርኔት ላይ ባሉ ነፃ ማንበቢያዎች ማየት ይችላሉ። በአብዛኞቹ የካኖን ሞዴሎች ግን ፎቶው ውስጥ የለም፤ ካሜራውን በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ የሚያነብ ፕሮግራም ያስፈልጋል። የፋይል ስም ላይ ያለውን ቁጥር አይመኑ፤ 9999 ሲደርስ እንደገና ከ0001 ይጀምራል። ለጀማሪ ካሜራ 100,000 አካባቢ እንደ ዕድሜ ይታሰባል። ከ30,000 በታች ጥሩ ነው። 80,000 የደረሰ ከሆነ ዋጋው በደንብ ይውረድ፤ 200,000 ደርሶ የሚሠራም አለና ቁጥሩ ብቻውን አያስፈርድም።

ፎከስ፦ ጋዜጣውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከአንድ ሜትር ተኩል ላይ በሰያፍ ይዩት። የመሀሉን የፎከስ ነጥብ አንድ ርዕስ ላይ አድርገው ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍተው ያንሱ። ጠርቶ የወጣው ከርዕሱ በታች ወይም በላይ ያለው መስመር ከሆነ ፎከሱ ይስታል። ያንኑ በላይቭ ቪው (በስክሪኑ እያዩ) ደግመው ያንሱ፤ እዚያ ከተስተካከለ ችግሩ የመስታወቱ የፎከስ መንገድ ነው፤ ማስተካከያ ይፈልጋል። ሚረርለስ ላይ ይህ ችግር አይመጣም።

አፐርቸር፦ ይህ ሙከራ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ኤፍ 3.5 ላይ ያንሱ፣ ቀጥለው ኤፍ 11 ላይ ያንሱ። በመጀመሪያው ሠርቶ በሁለተኛው ካኖኑ «ኤረር 01» ካለ ሌንሱ ውስጥ ያለው የአፐርቸር ሪባን ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። እስከ መጨረሻው ሲከፈት ቅጠሎቹ መንቀሳቀስ ስለማያስፈልጋቸው ጉዳቱ ይደበቃል፤ ሻጭ በክፍት ብቻ አንስቶ ቢያሳይዎት አይታወቅም። በሁለቱም ቢመጣ መጀመሪያ የሌንሱን የወርቅ ቀለም ነጥቦች በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጠርገው ይድገሙ፤ ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ነው።

የሌንሱን ጥራት ለማየት መሥመር መሥመር ያለው ነገር ይፈልጉ። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው የሞሪስ ካልካ የድንጋይ አንበሳ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ከላይ እስከ ታች የተቀረጸ መስመር ነው። ኤፍ 5.6 ላይ ያንሱትና አራቱን ማዕዘን ያነጻጽሩ። ግራው ጥርት ብሎ ቀኙ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ ውስጡ ተዛብቷል። ካሜራ ይዘው ሲሞክሩ ወደ ቤተ መንግሥት፣ ወደ ወታደራዊ ግቢና ጥበቃ ወዳለበት የመንግሥት ተቋም አያዙሩ፤ ይከለከላሉ፣ ዕቃውም ሊያዝብዎት ይችላል።

በመጨረሻ ሁሉንም ቁልፍ ይጫኑ፣ ፍላሹን ያስነሱ፣ ስክሪኑን እስከ ጥግ ያዙሩ፣ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቀድተው ድምፁን ያዳምጡ። ሲዞር የሚጠፋና የሚበራ ስክሪን ገመዱ ሊቆረጥ ነው።

ስምንተኛ፦ ክፍያና ወረቀት

ዕቃውን ሳያዩ በቴሌግራም ቀብድ አይላኩ፤ «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ቢልዎትም ይውሰደው። ሲሪያል ቁጥሩ ቦዲው ሥር ተጽፏል፤ ከካርቶኑ ጋር ያመሳክሩትና ደረሰኙ ወይም በእጅ የተጻፈው ውል ላይ ይስፈር፤ የሻጩም መታወቂያ ኮፒ ይያያዝ። የተሰረቀ ካሜራ በእጅዎ ቢገኝ የሚያወጣዎት ይህ ወረቀት ነው። ከሱቅ ከገዙ «ዋስትና አለው» ሲባል ለስንት ቀን፣ ለምን ለምን ብልሽት እንደሆነ ያስጽፉ።

ሚሞሪ ካርድ ላይ ማጭበርበር ይበዛል። 128 ጊጋ የተጻፈበት ካርድ ውስጡ 8 ሊሆን ይችላል፤ ፎቶውን ይቀበላል፣ በኋላ ሲከፍቱት ግን የለም። ኮምፒውተር ላይ ካርዱ እስኪሞላ ፋይል ገልብጠው፣ አውጥተው ከከተቱ በኋላ የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ይክፈቱ። ይህን ሳያደርጉ የማንንም ሠርግ አያንሱበት። ከአንድ 128 ይልቅ ሁለት ባለ 32 ወይም 64 ይግዙ፤ ለቪዲዮ «ቪ30» (የመቅዳት ፍጥነት ምልክት) የተጻፈበት ይሁን።

ዘጠነኛ፦ የመጀመሪያው ማታ

ቻርጀሩ ላይ 100–240 ቮልት መጻፉን አይተው ይሰኩ። የእኛ መስመር 220 ቮልት ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ ጠፍጣፋ ሶኬት አዳፕተር ብቻ ይፈልጋል።

ሰዓትና ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ይሙሉ። የካሜራው ሁለተኛ ወር (ፌብሩዋሪ) 28 ወይም 29 ቀን ነው፣ ጳጉሜንም አያውቅም፤ በእኛ ቀን ከሞሉት ቀኑ ይፋለስና በሁለት ካሜራ የተነሳ ፕሮግራም በሰዓት ሲደረደር ይደበላለቃል። የሰዓት ቀጠናው +3 ነው።

የቪዲዮ ሥርዓቱን ከኤንቲኤስሲ ወደ ፓል ይቀይሩ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ 25 ፍሬም በ1/50 ሲቀዱ ምስሉ አይንቀጠቀጥም። በ1/60 ከቀዱ በፍሎረሰንትና በርካሽ ኤልኢዲ ሥር ጥቁር ጥላ ይወርድበታል፤ ብዙዎች ካሜራው የተበላሸ ይመስላቸዋል።

የፎቶውን ዓይነት ሮው (ያልተቀነባበረ ጥሬ ፋይል) እና ጄፔግ (የተለመደው ፎቶ) አንድ ላይ ያድርጉ። ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ፎቶውን ሲሞላው ካሜራው ነጩን ግራጫ ሊያደርገው ስለሚሞክር የሰው ፊት ይጠቁራል። የብርሃን ማካካሻውን ከ+0.7 እስከ +1 ከፍ ያድርጉ፤ ጥልፉና የነጩ እጥፋት እንዳይጠፋ ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) ይዩ። ካለፈብዎት ሮው ፋይሉ ያድንዎታል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ካሜራውን ከቆዳ ቦርሳ አውጥተው አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል (እርጥበት ከሚመጥ ትንሽ ከረጢት) ጋር ያስቀምጡ። ሩዝ አይጨምሩ፤ ዱቄቱ ሌንስ ውስጥ ይገባል። ዝናብ ላይ ቆይተው ሲገቡ መጀመሪያ ባትሪውን ያውጡ፣ ውጩን በደረቅ ጨርቅ ያድርቁ፣ ሌንሱን ግን ውጩ እስኪደርቅ አያውልቁ። በሳምንት አንዴ አውጥተው ጥቂት ፎቶ ያንሱበት፤ ሻጋታ የሚወደው የተረሳ ሌንስ ነው።